ብቻዬን የጠበቅኩት መሐላ

አሚን ለማለት የምትቸኩሉ ሰዎች ካላችሁ እስቲ አረፍ በሉና ስሙኝ። እኔ የአርዲቦዋ ሰዓዳ፣ አንዲት አሚን ከአፌ አምልጣ ምን እንዳደረገችኝ ልንገራችሁ። ታሪኩን የሰማ ሁሉ «ጥፋቱ የማን ነው?» ይለኛል። የማን እንደሆነ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን እስከ ዛሬ አንድ ነገር አልፈየደልኝም።

ያን ጊዜ ሐይቅ ከተማ እየተመላለስኩ የምማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ካሉት መንደሮች በአንዱ ነው። አባቴ ለሥራ ሱዑዲ ስለሄደ ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እማ ነን። ወንድም ነበረኝ፤ ሰይድ። ለውጥ መጣ ተብሎ አገሩ ሁሉ ሲጨፍር እሱ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ደረሰው፤ እማም እልል ብላ ሸኘችው። ብዙም ሳይቆይ ግቢ ውስጥ ተማሪ ከተማሪ ተጋጨ ተባለና ሰይድን በሳጥን አመጡልን። እማ ያን ቀን እንባ አልወጣትም። ሳጥኑን እያየች «ይሄን አላውቀውም፤ ልጄን አምጡልኝ» ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙን ጠርተን አናውቅም።

እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የመግባት ጉጉቴ ጭራሽ ባሰብኝ። ፋርማሲ ነበር ሐሳቤ። ነጭ ጋዋን ለብሼ መድኃኒት ስሰጥ፣ ያገሬ ሰው «የአርዲቦዋ ሰዓዳ እኮ ናት» እያለ ሲጠቁመኝ… ይሄን ሁሉ አርዲቦ ዳር ቁጭ ብዬ ስንት ጊዜ አልሜዋለሁ። ለማለም ደግሞ ምክንያት ነበረኝ፤ ከክፍሌ ወይ አንደኛ ነኝ ወይ ሁለተኛ። እማም ትምህርቴን ከልክላኝ አታውቅም። መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይዛልኝ ትቀመጣለች፤ ስለ ፈተናው ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ደግሞ ስላልተማረች ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ልክ ፈተናችን ደረሰ ስንል ሐይቅ ተያዘች። ስለዚያ ጊዜ ብዙ አልልም፤ ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም አይየው። ሌላው አገር ሲፈተን እኛ ከጎተራው የቀረችውን እህል እንዴት እንደምንደብቅ ነበር የምንማከረው። ታጣቂዎቹ ወጥተው ትምህርት ቤት ስንመለስ ወንበሩ ማገዶ ሆኗል፤ መስኮቱ ተነቅሏል። እሱን እንኳ ጠርገን ሳንጨርስ «በጦርነቱ ምክንያት ያልተፈተናችሁ በቅርቡ በሁለተኛ ዙር ትፈተናላችሁ» ተባልን። አልተዘጋጀሁም የሚል ደግሞ ከርሞ ከታች ካሉት ልጆች ጋር መፈተን ይችላል አሉን።

ወይ አሁን፣ ወይ ከርሞ። ምርጫው ይሄው ነበር።

የሒሳብ መምህራችን ቲቸር ንጉሤ የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ነገር አያለባብሱም። «ልጆች፣ ፈተና ጤፍ አይደለም፤ ጎተራ አይቀመጥም። ዛሬ ያለ ነገር ከርሞ መኖሩን በምን አወቃችሁ? ያላችሁን ይዛችሁ ግቡ» አሉን። ማን ይሰማቸዋል! ደማችን ፈልቷል። ስንት ወር ደብተር ሳንገልጥ፣ ገና ሬሳ ቀብረን ሳንጨርስ፣ ሰላም ውሎ ካደረ ልጅ ጋር እንዴት እኩል እንመዘናለን? የክፍላችን አለቃ ጀማል ሐይቁ ዳር ሰበሰበንና «ሁላችንም ከቀረን ጊዜ ይጨምሩልናል። አንዳንዱ ገብቶ አንዳንዱ ከቀረ ግን የቀረው ነው የሚበላው» አለ። ትክክል ነበር፤ እስከ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ።

«ታዲያ ማንም እንደማይገባ ዋስትናው ምንድነው?» አለች ራሂማ። ራሂማ ጓደኛዬ ናት፤ ከመንደራችን ዝቅ ብሎ ነው ቤታቸው፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መንገዱን አብረን ነው የፈጀነው።

እንግዲህ እኛ አገር ዋስትና ሲጠፋ ወዴት እንደሚኬድ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ፊት ነው። ለክርስቲያኖቹ ልጆች መምሬ ጥላሁን ተጠሩ፤ ለእኛ ሸህ አወል። ሸህ አወል ዱዓቸው መሬት አይወድቅም የሚባሉ፣ መንደሩ ሲጨንቀው ቤታቸው የሚሰበሰብባቸው ሽማግሌ ናቸው። ሁለቱም መጥተው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እኛም እጃችንን ዘረጋን። መጀመሪያ መምሬ ገዘቱ። ከዚያ ሸህ አወል ጀመሩ።

«ባንድ ልብ ያቁማችሁ!»

«አሚን!»

«ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ!»

«አሚን!»

«ጓደኛውን ጥሎ የገባ፣ ቃሉን የበላ፣ እጁ የጻፈውን ውሃ ይውሰደው!»

«አሚን!»

የእኔ ድምፅ ከሁሉ በላይ ወጥቶ ነበር፤ ራሂማ እንኳ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ «ቀስ በይ፣ አላህ አልደነቆረ» ብላ አስቃኛለች። መግቢያ ካርዳችንን ላንወስድ ተማምለን ተበተንን።

ፈተናው ነገ ሊሆን፣ ዛሬ አመሻሹ ላይ እኔ አክስቴ ሰፈር ለቅሶ ቤት ነበርኩ። የዚያን ሰሞን ለቅሶ የሌለበት ሰፈር አልነበረም። ውሃ ስቀዳ፣ ዕቃ ሳጥብ አመሸሁና ቤት ስገባ እማ ተኝታለች። እማ እኔ ሳልገባ ተኝታ አታውቅም። የሰሞኑ ለቅሶ አድክሟት ነው ብዬ ቀስ ብዬ ጎኗ ጋደም አልኩ።

ጠዋት ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። መሐላዬ እንዳለ ሆኖ፣ ቀኑ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ነበር። ኔትወርክ እንደሆነ ጦርነቱ ካጠፋው አልተመለሰም፤ ማንንም መጠየቅ አይቻልም። ውሃ ጠማኝና መደርደሪያው ላይ አንድ ሃይላንድ ውሃ አይቼ አነሳሁ። እማ ከየት መጣች ሳልል ከእጄ ቀማችኝ።

«ተይው! የመድኃኒት ነው።»

«የማን መድኃኒት?»

«የወገቤ። ከእንስራው ጠጪ።»

ጠጣሁ። ከዚያም «እማ፣ እስቲ ወረድ ብዬ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ልይ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«እንዲያው… የገባ ሰው ካለ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ያችን አስተያየት እስከ መቃብሬ አልረሳትም። «ሰዓዳ፣ ሸሁ ፊት እጅሽን ዘርግተሽ አሚን ብለሽ የለም? ቃልሽን ልትበይ ነው? ጓደኞችሽን ልትጠረጥሪ ነው? ሐራም ነው ልጄ!»

አፈርኩ። በአላህ እላችኋለሁ፣ አፈርኩ። እኔን ብሎ ቃል አክባሪ ብዬ ራሴን ተሳደብኩ። እማ ማጭዱን ሰጠችኝና «ይልቅ ላሚቱ ባዶዋን ነው ያደረችው፤ ሐይቁ ዳር ሄደሽ ሣር እጨጅላት» አለችኝ። ከከተማው በተቃራኒ መሆኑ ነው እንግዲህ።

ሣሩን ግማሽ ሳላደርስ ሁሴን በባጃጁ መጣ። ሁሴን የመንደራችን ልጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአርዲቦ ዓሣ እየጫነ ሐይቅ ያወርዳል፤ ሰውም ከተገኘ ይጭናል። ሲያየኝ ባጃጁን ቀጥ አድርጎ አቆመ።

«አንች! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምን የምሠራ ይመስልሃል? ሣር።»

«ፈተናሽስ?»

«አንገባም ተባብለናል፤ አልሰማህም?»

«ወላሂ አሁን ከከተማ ተመልሼ ሁለተኛ ዓሣ መጫኔ ነው። ክፍልሽ እንዳለ በሩ ላይ ተሰልፏል። ጀማል ከፊት ነው። ራሂማንም አይቻታለሁ።»

«ሂድ ወዲያ! በጠዋቱ አትቀልድብኝ።»

«በሰይድ ሞት!»

ሁሴንና ሰይድ አብሮ አደጎች ናቸው። በሰይድ ሞት ብሎ የሚዋሽ ሰው አይደለም። ሣሩን ጥዬ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ፤ ቤት እንኳ አልዞርኩም። ከኋላ ዓሣ የሞላ ማዳበሪያ አለ፤ እሱን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሁሴን ቁልቁለቱን ለቀቀው። ባጃጁ እየዘለለ፣ ውሃው ከማዳበሪያው እየተንጠባጠበ ቀሚሴን እያራሰኝ፣ እኔ በአፌ «አይገቡም፣ አይገቡም» እላለሁ። በልቤ ግን መግቢያ ካርዴን ነበር የማስበው። ቢገቡስ? ራሂማ እንዴት ሳትነግረኝ? ምናልባት አስገድደዋቸው ይሆን? ምናልባት በሩ ላይ ቆመው እንቢ እያሉ ነው፣ እኔን እየጠበቁ ነው።

ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ጦርነቱ ካለፈ ወዲህ መርፌም ሳትፈተሽ አታልፍም። አንድ ክላሽ ያነገተ ጎረምሳ እጁን ዘረጋ።

«ማዳበሪያው ውስጥ ምንድነው?»

«ዓሣ ነው ወንድሜ፤ በየቀኑ የማመጣው ዓሣ» አለ ሁሴን።

«ፍታው።»

«ወንድሜ፣ ፈተና ረፍዶብኛል፤ በአላህ ልለፍ!» አልኩት።

ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቀሚሴ ርሷል፣ ዓሣ ዓሣ እሸታለሁ፣ በእጄ ማጭድ ይዣለሁ። ለካ ማጭዱን አልጣልኩትም። «የምን ፈተና ነው? የአጨዳ?» ብሎ ሳቀ። ባልደረባው «ተዋት፣ ቸኩላለች» ቢለውም እሱ ማዳበሪያውን አስፈትቶ፣ ዓሣውን አንድ በአንድ አገላብጦ፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የለቀቀን። በእሱ አልፈርድም። የዚያን ሰሞን ማን ምን ይዞ እንደሚያልፍ አይታወቅም ነበር።

በሩ ጋ ስደርስ ሰልፍ የለም። ግቢው ጸጥ ብሏል። ያን ጸጥታ የተፈተነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ሞልቶ ጸጥ ሲል።

«ጋሼ ክፈቱልኝ!» አልኳቸው ዘበኛውን።

«ልጄ፣ ተጀምሯል እኮ። ደግሞ ማጭድ ይዘሽ የት ነው የምትገቢው?»

ማጭዱን ወረወርኩት። «ማን ማን ገባ?»

«ማን ይቀራል ብለሽ? ሁሉም ገብቷል። አንች ብቻ ነሽ።»

አንች ብቻ ነሽ! እጄ በሩን ይዞ ቀረ። ጩኸቴን ሰምተው ይሁን አላውቅም፣ ቲቸር ንጉሤ ከውስጥ እየሮጡ መጡ። በእጃቸው መግቢያ ካርዴን ይዘዋል፤ ፎቶዬን ከሩቅ አወቅኩት።

«የት ነበርሽ? ስጠብቅሽ! ሌሎቹ ማታ መጥተው ካርዳቸውን ወስደዋል። ያንችን 'ጠዋት ትወስዳለች' አሉኝ።»

«ማን ነው ያለዎት?»

«አሁን እሱ ነው የሚያስጨንቅሽ? ቆይ፣ አስተባባሪውን ልለምን።»

ሄዱ። በበሩ ቀዳዳ አያቸዋለሁ። ከሌላ አገር የመጣው አስተባባሪ በረንዳው ላይ ቆሟል። ቲቸር እጃቸውን አወራጩ፣ ወደ እኔ ጠቆሙ፣ ቆባቸውን አወለቁ። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። ቲቸር ደግመው ለመኑ። ደግሞ ነቀነቀ። ያረጁ ሰውዬ ለእኔ ብለው ጎንበስ ሲሉ ሳይ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ተመልሰው መጡና ካርዱን በበሩ አሾልከው ሰጡኝ። «ወረቀቱ ከተከፈተ በኋላ ሰው ማስገባት አይቻልም ብሏል። ከሰዓቱን እንኳ ትግባ ብዬው ነበር፤ አንድ ትምህርት የጎደለው ውጤት አይሠራለትም አለኝ። ሰዓዳ፣ ከሁሉም አንች ትቀሪያለሽ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።»

ሁሴን ዓሣው ሊበላሽበት ስለሆነ ሄደ። እኔ ከበሩ ማዶ ግንቡ ሥር ተቀመጥኩ። ፈተናው እስኪያልቅ እዚያው ነበርኩ። የሚያልፍ ሰው ያየኛል። አንዷ አሮጊት ለማኝ መስያት ሳንቲም ልትጥልልኝ ነበር። በውስጤ የማዘጋጀውን ስድብ ብትሰሙ! ለራሂማ ብቻ አንድ ቁና ስድብ አዘጋጅቼ ነበር።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጣው ጀማል ነው። ሲያየኝ እንደ መሳቅ አለና፣ ፊቴን ሲያየው መሬት መሬት አየ።

«ጀማል፣ እጅህ የጻፈውን ውሃ ይውሰደው ሲባል አሚን ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ተፈትተናል እኮ» አለ። «ትናንት ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ሁሉም ሊገቡ መሆኑን ሰማን። እኛ ብቻችንን ልንቀር ሆነ። ተሰብስበን ሸህ አወል ጋ ሄድን፤ ውሃ ላይ ቁርአን ቀርተው እጃችንን አስታጥበው ፈቱን። ክርስቲያኖቹንም መምሬ ከግዝቱ ፈቷቸው። ላንች…» ብሎ ወደ ኋላው ዞረ።

ራሂማ መጣች። ገና አፏን ሳትከፍት ነጠላዋን አነቅኳት።

«አማናሽ ይሄ ነው? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የሄድንበት መንገድ ይሄ ነው? እኔን ጥለሽ እጅሽን ታጥበሽ ገባሽ?»

«ሰዓዳ ልቀቂኝ! ምን ሆነሽ ነው የቀረሽው? ወንበርሽ ባዶ ሆኖ ሳየው ልቤ ወጥቶ ነው የተፈተንኩ።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት!»

«ምን ማለትሽ ነው?» አይኗ ፈጠጠ። «ማታ መጥቼ የለም? አንች ለቅሶ ቤት ነሽ አለችኝ እናትሽ። ሁሉንም ነገርኳት። የሸህ አወልን ውሃ እንኳ በሃይላንድ ይዤልሽ መጥቼ ሰጥቻታለሁ፤ ታጥባበት ትምጣ ብዬ። ጠዋትም አብረን እንድንወርድ ልመጣ ስል 'በአክስቷ በኩል ትመጣለች፣ አትጠብቂያት' አለችኝ።» ከዚያ ድምፅዋ አነሰ። «እናትሽ አልነገረችሽም?»

ነጠላዋን ለቀቅኩት።

የተዘጋጀው ስድብ ሁሉ ከንቱ ቀረ። ሃይላንዱ ፊቴ ላይ መጣ። «የወገቤ መድኃኒት ነው።» ማታ የተኛች መስላ መጠበቋ መጣ። «ቃልሽን ልትበይ ነው?» ያለችኝ መጣ። የጓደኛ ክህደት ሰው ላይ ይጮሁበታል፤ ይህኛውን ግን ማን ላይ ልጩህ? ራሂማ ክንዴን ያዘችኝ፤ «እኔ ምን አውቄ፣ በአላህ» እያለች ታለቅሳለች። ከሰዓት ደግሞ ፈተና አለባት። «ግቢ፣ ይረፍድብሻል» ብያት ሄድኩ።

ያንን ዳገት በእግሬ ወጣሁት። ምን እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ፤ ባዶ ነበርኩ። ቤት ስደርስ እማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ካርዱን በእጄ አየችው። ያየችው እንደሆነ ያወቅኩት ጣቶቿ ምስሩ ላይ ሲቆሙ ነው።

አልፌያት ገባሁ፤ ሃይላንዱን ከመደርደሪያው አውርጄ ፊቷ አስቀመጥኩት።

«የወገብ መድኃኒት!» አልኳት።

የምስሩን ሰፌድ ወደ ጎን አደረገች።

«እማ፣ ራሂማ መጥታ ነግራሻለች ወይስ አልነገረችሽም?»

«ነግራኛለች።»

እንድትክድ ፈልጌ ነበር። ብትክድ አምናት ነበር፤ ራሂማን እጠላ ነበር፣ ነገሩም ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን እንደ ቀላል ነገር ነግራኛለች አለች።

«ለምን?» ጮኽኩ። «ለምን እማ? ምን በደልኩሽ? መብራት ሲጠፋ ባትሪ ይዘሽልኝ የኖርሽው ለዚህ ነው?»

«መማር ትማሪያለሽ ብዬ ነው የያዝኩልሽ። ትሄጃለሽ ብዬ አይደለም።»

«ሳይኬድ ይማራል እንዴ?»

«አንች ሬሳ ተቀብለሽ አታውቂም» አለችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «እኔ ልጄን ወደዚያ ግቢ በእልልታ ሸኝቼ በሳጥን ተቀብያለሁ። ሁለተኛ እልል የሚል አፍ የለኝም። ትጠይኝ እንደሁ ጥይኝ። በሕይወት ኑረሽ ጥይኝ።»

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ እሱን አንስታ ስታወራ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው። ልቤ ሊላላ ፈለገ። ግን ጠዋት ያለችው ትዝ አለኝ፤ እልህ ያዘኝ።

«'አትሂጂ' ብትይኝ ምን ነበረበት? ለምን በመሐላዬ ያዝሽኝ? ለምን 'ሐራም ነው' አልሽኝ? የተፈታ መሆኑን እያወቅሽ!»

«'አትሂጂ' ብልሽ ትሄጂ ነበር» አለች። «ቃልሽን እንደማትበይ ግን አውቃለሁ። እኔ አይደለሁ ያሳደግኩሽ?»

ሰዎች፣ ይህችን ቃል እስቲ አስቡልኝ። ቃል አክባሪ አድርጋ አሳደገችኝ፤ በዚያው አሰረችኝ። ክፉ ልጅ ብሆን ኖሮ ተፈትኜ ነበር። እሷ ሃይላንዱን አንስታ «በይ ታጠቢበት፤ ቃሉ ይፈታሽ» ብላ ልታፈስልኝ እጄን ያዘች። እጄን ነጠቅኳት። ጠርሙሱን ቀምቼ ውሃውን ደጃፋችን ያለው ዘይቱን ዛፍ ሥር ደፋሁት።

እናም ይኸውላችሁ፣ እኔ እስከ ዛሬ አልተፈታሁም። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መሐላው ያለበት አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ።

ራሂማ አለፈች። ጀማልም አለፈ፤ እጁ የጻፈውን ውሃ አልወሰደበትም። እኔ ዓመቱን ሙሉ አጠናሁ፤ አልዋሽም፣ እንደዚያ አጥንቼ አላውቅም። ከርሞ ሲመጣ ግን ቲቸር ንጉሤ ያሉት ደረሰ። የፈተናው ደንብ ተለወጠ፤ ተማሪ በየሰፈሩ መፈተኑ ቀርቶ በአውቶቡስ ተጭኖ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ፣ እዚያው እያደረ ይፈተናል ተባለ። እማ ይሄን ስትሰማ ያየሁትን ፊት ለጠላቴም አልመኝ። ያን ሁሉ አድርጋ፣ ያው የፈራችው ግቢ እኔን ሊወስደኝ መጣ።

አልከለከለችኝም። አውቶቡሱ ድረስ ሻንጣዬን ተሸክማ ወረደች። ሌሎቹ እናቶች ያለቅሳሉ፣ ያቅፋሉ። እማ በመስኮቱ ሥር ቆማ እጇን ዘረጋችና መመረቅ ጀመረች።

«አላህ ይጠብቅሽ።»

እኔ ዝም።

«የለፋሽበትን አይንሳሽ። ሂደሽ ተመለሽልኝ።»

ዝም። እጇ ተዘርግቶ፣ አይኗ አፌ ላይ፣ ትጠብቃለች። አንዲት አሚን ነው የምትጠብቀው። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ «እናትሽ እየመረቁሽ ነው እኮ» አለችኝ። ሰምቻለሁ አልኳት። አውቶቡሱ ተነሳ።

በሰላም ሄጄ በሰላም ተመለስኩ። ውጤቱ ሲመጣ ግን የማለፊያውን ደጃፍ ረግጬ ተመለስኩ፤ ለጥቂት ነው የወደቅኩ። የዚያን ዓመት አገር ምድሩ ነው የወደቀው፤ ብቻዬን አይደለሁም። ከዓመት በፊት ብፈተን አልፍ ነበር ወይ? አላህ ያውቃል። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው፤ ሳልሞክረው ከእጄ መውጣቱ።

አሁን ሐይቅ ከተማ ዓሣ ጥብስ ቤት ነው የምሠራው። ሁሴን ያው እንደ ድሮው ዓሣ ያመጣልናል። ራሂማ ለዕረፍት ስትመጣ እየመጣች ትበላለች፤ እኔ ልጥበስልሽ እላታለሁ፣ እሷ ደግሞ አብረሽኝ ካልበላሽ ትላለች። በእሷ ምንም ቅያሜ የለኝም። ዘንድሮ በግል ልፈተን ተመዝግቤያለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ ለራሂማም ቢሆን። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች እናንተ ናችሁ።

ብዙ ሰው «እናት ናት፣ ፈርታ ነው፣ አውፍ በያት፣ ይቅር በያት» ይለኛል። መፍራቷን አውቃለሁ። ስሙን ሳንጠራ ለሰይድ ሌሊት አብሬያት አልቅሻለሁ። እናንተዬ፣ ልጃችሁን ለመያዝ የምትፈልጉ ካላችሁ በእጃችሁ ያዙት፤ በሩን ዝጉበት፣ ተጣሉት፣ ለምኑት። በሃይማኖቱና በቃሉ ግን አትያዙት። በዚያ የያዛችሁት ልጅ ቤት ይቀር ይሆናል፤ ከእናንተ ጋር ግን አይኖርም።

ውጤቴ የመጣ ዕለት እማ ጎኔ ቁጭ አለችና «አውቶቡሱ ላይ አሚን ብትይልኝ ኖሮ…» አለችኝ። አልጨረሰችውም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ለሥራ ስወጣ ደጃፍ ላይ ቆማ ትመርቀኛለች። «በሰላም ያውልሽ ልጄ» ትለኛለች፤ ከዚያ ትጠብቃለች።

«እሺ እማ» እላትና እሄዳለሁ።